የጊፋታን በሬ የያዘው ሰው

መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ በእኛ አገር ሥራ ፈት የለም። አንዱ የተጎዳውን ውኃ ካላጠጣሁ ብሎ ይታገላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ሌላው ሹፌሩ በየት በኩል እንደሮጠ በጣቱ ያሳያል። ለእኔ የተሰጠኝ ጸጋ «ራቅ በሉ፣ አየር ስጡት» ማለት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ይህን የሚል ሰው ለተጎዳው ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው።

ማንም የማይሽቀዳደምበት አንድ ሥራ ግን አለ፤ የተጎዳውን ጭኖ ሐኪም ቤት ማድረስ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ «ማን አመጣው?» ተብሎ የሚጀመረው ጥያቄ ሲውል ሲያድር «ማን ገጨው?» ይሆናላ። ይህን ፍርሃት ስንቀው ነው የኖርኩት። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? እላለሁ። መኪና የለኝም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ዋዜማ ጠዋት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስመጣ፣ ከፊታችን የምትሄደው ባጃጅ ድንገት የገባባትን አህያ ስትሸሽ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ሹፌሩ እያነከሰ ወጣ። ተሳፋሪዋ አልወጣችም። ወርደን ባጃጇን ስናነሳት ሹፌሩ «አማረች፣ አማረች» እያለ ያለቅሳል፤ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ የሰፈሩ ሰው። ብረት ጭኗን ተርትሮት ደሟ ይንዠቀዠቃል። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ቁስሉን ጠፈረችው፤ በመዳፏም ተጫነችው። ነጠላው ነጭነቱን ወዲያው ተወ። እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ፤ ራቅ በሉ አልኩ።

ሹፌራችንን ጭነናት እንሂድ አልኩት።

«ጋሼ፣ ወንበሩ አያስተኛትም። ደግሞስ ገጨህ ብለው ቢይዙኝ እርስዎ ይታሰሩልኛል?»

ስለ ንጹሕ ሕሊና ጥሩ ንግግር አደረግሁለት። ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩም ነቀነቀ። መኪናው ግን አልተነቃነቀም።

የአማረች ከንፈር እየነጣ ሄደ። ሁለት መኪኖች መጡ፤ ቀዝቀዝ አሉ፣ አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ነዳጅ ረገጡ። ሦስተኛው አይሱዙ ነበር። ከኋላው አንድ ቀይ በሬና በሬውን ከበው የቆሙ ሰዎች ጭኗል። ለጊፋታ በጋራ ሊያርዱት ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመው የገዙት ነው። ታላቃቸው አቶ ዳና አማረችን አንድ ጊዜ አዩዋት።

«በሬውን አውርዱት» አሉ።

የአይሱዙው ሹፌርም ያንኑ ፍርሃት አነሳ። አቶ ዳና ግን ስለ ሕሊና ምንም አላሉትም። «ሁላችንም አብረንህ እንገባለን። ካሰሩም ሁላችንንም ይሰሩን» አሉት።

መኪናውን ከጉብታ አስጠግተው በሬውን አወረዱ፤ አማረችን አስተኙ። ታዲያ ሁሉም ሊመሰክር ከሄደ በሬውን ማን ይያዝ? አቶ ዳና ዙሪያውን ቃኙና ገመዱን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ኮት የለበሰ ሰው በሬ አይሰርቅም ብለው ይሆናል። አይሱዙው ሄደ፤ የባጃጁ ሹፌርም ባጃጇን አስነስቶ ተከተለው። ሚኒባሳችንም ረፈደብኝ ብሎ ሄደ። እኔ፣ በሬውና አስፋልቱ ላይ ያለው ደም ቀረን።

በሬ የደም ሽታ አይወድም። አፍንጫውን ነፍቶ መሬቱን በሰኮናው ይጭራል፤ እኔ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ፣ ደርሳ ይሆን ወይስ መንገድ ላይ ቀረች እላለሁ።

ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መጡ። አንዱ ዋጋ ጠየቀኝ። አይሸጥም አልኩት። የማን ነው? የአቶ ዳና። የየት አገሩ ዳና? በወላይታ ምድር ዳና የሚባል ሰው ስንት እንደሆነ እንግዲህ ገምቱት። የበሬው ስምስ ማነው? እሱንም አላውቅም። ስለ አደጋው ሳስረዳ፣ ባጃጇን ስናነሳ የኮቴን እጅጌ የነካውን ደም አሳየኋቸው፤ ባሰብኝ።

«የጊፋታ ሰሞን ሌባው እንዲህ ዘንጦ ነው የሚመጣው» አለ አንዱ።

እኔንም በሬውንም አንድ ላይ ከበው ተቀመጡ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል የሚለው ንግግሬ ትዝ አለኝ፤ ላሰማቸው ግን ድፍረቱን አጣሁ። ገመዱን ጥዬ እንዳልሮጥ የሰው አደራ ነው። አይሱዙው በዘገየ ቁጥር ደግሞ የሚታየኝ ያ ነጠላ ነው።

ከቀትር በኋላ አቶ ዳና ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠው ደረሱ። በሬውንም አላዩ፣ የከበቡኝንም አላዩ።

«ተርፋለች» አሉኝ።

በሬው ላይ ተደገፍኩ። እሱም ዝም አለኝ። ሐኪም ቤት የነበረው ፖሊስ ማን ገጫት ሲል ሁሉም በአንድ አፍ ማውራት ስለጀመሩ፣ የባጃጁን ሹፌር ቃል ሰምቶ በቶሎ እንዳሰናበታቸውም ነገሩኝ። ከዚያ ለከበበኝ ሰው አስረዱልኝ። እዚያው የቀሩት ይቅርታ ጠየቁኝ። ግማሾቹ ግን ወሬውን ይዘው ቀድመው ወደየመንደራቸው ሄደው ነበር።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ አማረችን ልጠይቅ ሶዶ የተኛችበት ሐኪም ቤት ሄድኩ። አታውቀኝም፤ ያን ዕለት ዓይኗን ገልጣ ማንንም አላየች። መንገደኛ ነበርኩ ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቧ የነበሩት አጎቷ አደጋውን ከሥር ከመሠረቱ ያጫውቱኝ ጀመር፤ በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ደሙ እየፈሰሰ አንድ ኮት የለበሰ ሌባ የጊፋታ በሬ ሊነዳ ሲል እጅ ከፍንጅ መያዙን ነገሩኝ።

አማረች ከትራሷ ቀና አለች።

«ተዉት አጎቴ፣ ቢቸግረው ነው። እሱንም እግዚአብሔር ይማረው።»

ኮቴን ቀስ ብዬ አወለቅሁና ክንዴ ላይ አጥፌ፣ አሜን አልኩ።