«ሰው አይደለህም» ያልኩት ተጫራች

አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ፣ የሚበላ የሚጠጣ፣ ግብር የሚከፍል ሰው «የለም» ብዬ አስወስኛለሁ። ፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ፌስቡክ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ቢሆን ምስክር ይጠራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ፌስቡክ ላይ ግን ሰባት ሰው የሳቅ ምልክት ካደረገልህ ፍርዱ ጸደቀ ማለት ነው።

ሰው ጥቂት ሲማር መጀመሪያ የሚለምደው መጠርጠር ነው። ያልተማረው በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ የበሬውን ጥርስ ያያል፤ የተማረው የሻጩን። እኔ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዲፕሎማ አለኝ። ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት የተጭበረበረ ማስረጃ በእጄ አልፏል! የውሸት ማኅተም አሽትቼ አውቃለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ የሥራ ባልደረባዬ ዘሐራ «ፋጤ፣ አፍንጫሽን ቢቀጥሩት ከአንቺ የተሻለ ደመወዝ ይከፈለው ነበር» ትለኝ ነበር።

ይህቺው ዘሐራ ናት የወንድሟ ልጅ ጨፋ ሮቢት ልትዳር ነውና ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ለሠርጉ አብረን እንሄዳለን ያለችኝ። ልብስ አለኝ። ጫማ አለኝ። የሌለኝ ጠገራ ብር ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናቷ ጠገራ ብር በዶቃ ሰክታ አንገቷ ላይ ታስርላታለች። ያለው አምስት ስድስት፣ የሌለው አንዲት። ትልልቅ ሴቶችም በሠርግ ቀን የራሳቸውን አውጥተው ያስራሉ። የእኔ እናት ግን የምታወርሰኝ አልነበራትም። በክፉው ዘመን ስንቱ ሰው የአንገቱን ፈትቶ በእህል ለውጦ፣ ነጋዴም እየለቀመ አዲስ አበባ አወረደው።

እነዚያ ብሮች ከዓመታት በኋላ በፎቶ ተመልሰው መጡ። ፌስቡክ ላይ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚጫረቱበት ቡድን አለ። እንዴት ገባሽበት አትበሉኝ፤ የኬክ አሠራር ስፈልግ ነው። አንድ ቀን አስጫራቹ አንዲት ጠገራ ብር አወጣና፣ ሐዘን ቤት እንደተቀመጠ ሰው፣ «አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል፤ ከጀርባዋም ተጭራለች፤ ስለዚህ የተበላሸች ናት» ብሎ ጻፈ። ሰብሳቢ ማለት ሳንቲም ያለ ሥራ ተቀምጣ እንድታረጅ የሚፈልግ ሰው ነው። ለእኛ ግን ማንጠልጠያ የሌላት ጠገራ ብር እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ ናት። መነሻዋ ሁለት መቶ ብር። ሰብሳቢዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ። ስሜ እዚያ ላይ «የከሚሴ እመቤት» ነው፤ ፎቶዬ ቀይ ጽጌረዳ።

አንድ «ብቸኛው መንገደኛ» የሚባል፣ ፎቶው አንበሳ የሆነ፣ ሦስት መቶ አለ። ሦስት መቶ ሃምሳ አልኩ። አራት መቶ አለ። እኔ በጨመርኩ ቁጥር እሱ ሃምሳ ብር ይደርብበታል።

አፍንጫዬ ሥራ ጀመረ። ገጹን ከፈትኩ፦ ጓደኛ የለው፣ የቤተሰብ ፎቶ የለው፣ የተከፈተው በዚያው ወር። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፁ ጠፋ። «ይህ አስጫራቹ ራሱ ነው፤ ምሳ ወጣ» አልኩ። የጁምዓ ሶላት ሰዓት መሆኑ፣ የሰፈሬ መስጊድ ድምፅ ማጉያ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ፣ አልታሰበኝም። ትልቁ ማስረጃዬ ግን ሌላ ነበር። ሰብሳቢ ሁሉ የተጠየፋትን ባለ ማንጠልጠያ ብር ከእኔ ሌላ ማን ይፈልጋታል? ማንም! ስለዚህ ይህ ሰውዬ ዋጋ እንዲያንር አስጫራቹ የፈጠረው የውሸት ተጫራች ነው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ በጽጌረዳ የተሸፈነችው እኔ አንበሳውን ተጠራጠርኩ።

ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጻፍኩ፦ «ክቡር አስጫራች፣ መንገደኛዎ ሰው አይደለም። እርስዎ ነዎት። በግራ እጅዎ እየሸጡ በቀኝ እጅዎ አይግዙ።» የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ቡድኑ በሙሉ ተረባረበ። ፌክ፣ ሌባ፣ አጭበርባሪ! ከብዙ ቆይታ በኋላ መንገደኛው አንድ መስመር ጻፈ፦ «እኔ ሰው ነኝ። ሁሴን እባላለሁ።»

ይህን ያነበበ ሰው ትንሽ አያዝንም? እኔ አላዘንኩም። «ፌክ ሁሉ ሲያዝ እንደዚህ ነው የሚለው» ብዬ መለስኩለት። ሰባቱ የሳቅ ምልክት የመጣው ያኔ ነው። አስጫራቹ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት መንገደኛውን ከቡድኑ አስወጣው፤ ብሯ በመጀመሪያው ዋጋዬ የእኔ ሆነች። ለዘሐራ ግን ሚኒባስ ውስጥ አንገቴን እያሳየሁ «የአያቴ ናት» አልኳት። አንዴ ከጀመርኩ ለምን ይቅርብኝ?

ጨፋ ሮቢት ደረስን። ሙሽራዋ ጦይባ ማሻ አላህ ውብ ናት፤ አንገቷ ላይ ግን ባዶ ዶቃ ብቻ። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። አንዷ አሮጊት «የማን ልጅ ናት ይሉናል የወንድ ወገኖች?» ብለው አጉረመረሙ። የሙሽራዋ እናት ሉባባ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

«ወላሂ አባቷ ሳይለፋ ቀርቶ አይደለም» አለች። «በድርቁ ጊዜ የእኔን ብሮች ሲሸጥ፣ ለጦይባ አንዲት እንኳ ገዝቼ አስራለሁ ብሎ ምሏል። ለዚሁ ብሎ ስልክ ገዛ፣ በዚህ ዕድሜው ፌስቡክ ተማረ። በስንት ፍለጋ አንዲት አግኝቶ ሲጫረት፣ አንዲት የከሚሴ ሴትዮ፣ እመቤት ነኝ ባይ፣ ‘አንተ ሰው አይደለህም’ ብላ አስባረረችው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ሁሴን።»

ዘሐራ በወንድሟ ፋንታ ነደደች። «ፋጤ፣ ከሚሴ ውስጥ እንዲህ ያለች ባለጌ ማን ትሆን?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ከሚሴ ሰፊ ከተማ ናት አልኩ።

ሻርፔን ወደ አንገቴ ሳብኩ። ዘሐራ «የአያቷ ቅርስ ናት» ብላ መልሳ ገለጠችው። «ያቺ እርጉም ባትኖር ልጃችን ይኸውና እንደዚህ ያለች ታስር ነበር!» አለች። የሁሉም ዓይን አንገቴ ላይ አረፈ። ምን ላድርግ? ፈታሁና «ለጦይባ ትሁን» አልኩ። አንገቴን ስደፋ ለአያቴ ቅርስ ሳስቼ መሰላቸው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያለች፣ በኦሮምኛ እያመሰገነችኝ፣ ሉባባ እጄን ሳመችው፤ እኒያ ያጉረመረሙት አሮጊት ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ። የወሰድኩትን በመመለሴ እንደ ደግ ሰው ስመረቅ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

ሁሴንን ጠሩት። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጺሙ መሸበት የጀመረ ገበሬ ነው። ብሯን በጣቶቹ መሀል ያዛት። ሳይገለብጣት፣ ሳያያት፣ አውራ ጣቱ ወደ ጀርባዋ ሄዶ የተጫረችው ቦታ ላይ ቆመ። ያን ጭረት በፎቶ ስንት ቀን አጥንቶት ይሆን? ቀና ብሎ አየኝ።

«የአያትሽ ናት አሉ፣ እህቴ?»

«አዎ» አልኩ። አስቡት፤ አሁንም አዎ አልኩ!

«አላህ ይዘንላቸው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲገዟት ሃምሳ ሃምሳ ብር የሚጨምርባቸው ሰው አልገጠማቸውም መሰለኝ።»

ሌላ ሰው አልሰማውም። ወዲያው ወደ ታዳሚው ዞሮ፣ ሁሉም እንዲሰማ «ይህቺ እህታችን ዛሬ ክብሬን መለሰችልኝ፤ አላህ ክብሯን ይጠብቅላት!» ብሎ ጮኸ። እንግዶቹ በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ። ብሯን ዶቃው ውስጥ ሰክተው ለጦይባ አሰሩላት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች።

ሁሴንን አንዳንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። «አካም ጅርታ፣ እህቴ?» ይለኛል፤ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው አጎነብሳለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ተነሣሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም። እሱ እዚያው ሠርጉ ላይ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። እናንተን መለመን ግን ይቀለኛል፤ ፊቴን አታዩትምና። አጥፍቻለሁ፤ እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።