የአይጦቹ ዶክተርና ቀዩ ሦስት ማዕዘን

ሥራውን መሥሪያ ቤቱ ትቶ መምጣት የማይችል ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ በዚህ ዓለም የለም። አስተማሪ ከሆነ ያርምሃል፤ ዳኛ ከሆነ ይፈርድብሃል። ለእኛ የደረሰን የቤተ ሙከራ አይጦች ጠባቂ ነው።

ክቡርነታቸውን «ዶክተር» እንላቸዋለን። ዶክተር አይደሉም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያረጁ አይጦችን ሲመግቡ፣ ሲመዝኑና ሳጥናቸውን ሲያጥቡ የኖሩ፣ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜን የሚያክሉ ሰው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ግማሾቹን አይጦች የእርጅና መድኃኒት፣ የቀሩትን ባዶ የጨው ውሃ ይወጉና በዱቄት ወተት በነጣ ውሃ ውስጥ ይለቋቸዋል። ከውሃው ሥር የተደበቀች መቆሚያ አለች። አይጧ እሷን የምታገኘው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ቅርጾች እያየች ነው። ዶክተር ሰዓት ይይዛሉ።

ከዚያ ወደ እኛ ይመጣሉ። ቁልፉን የረሳም፣ የጎረቤቱ ስም የጠፋውም አንድ ፍርድ ይሰማል፦ «የእኔዎቹ ይሻላሉ።» የልብስ ሰፊውን ሚስት ትንሽ የሚበሉ አይጦች ዕድሜያቸው እንደሚረዝም ቢመክሯት፣ «ለራበው ሰው አንድ ቀንም ይረዝምበታል» ብላ አሰናበተቻቸው።

እኔም አንድ ቀን ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኳቸው፤ ለጠቅላላ ዕውቀት እንዲመስል አድርጌ።

«ለሰው ገና ነው ጋሼ» አሉኝ በሐዘን። «አይጥ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ አስጀምርዎት ነበር።»

ዕድሜ ልኬን ስለ ሰው ልጅ ማንነት ሳነብ ኖሬ የደረስኩበት ይኸው ነው፤ የጨው ውሃው ምድብ ውስጥ ነኝ። የሕንፃችን በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የሰው በር በቁልፌ ስታገል ተይዣለሁ። ልጄ በሁለተኛው ጊዜ ቁርጡን ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ከደገምኩ ቤቴ ተዘግቶ እሷ ጋ እገባለሁ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት፣ ከነመጻሕፍቴ።

በዚያው ሳምንት የደረጃው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስተኛው ላይ ቢጫ ክብ። ደግሞ የተለጠፉት ጉልበት አካባቢ ነው። ነዋሪው ተቆጣ፤ የለጠፉት ዶክተር «ለጥናት ነው» አሉ። እኛ አይጥ አይደለንም የሚል አቤቱታ ለሕንፃው ኮሚቴ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ፊርማም የእኔ ነው።

እሑድ ከሰዓት ልጄ መጣች። ውጭ ተቀብያት ስንገባ፣ «አንተ ቅደም አባዬ» አለችና ከኋላዬ ሆነች። ገባኝ፤ ፈተና ነው። እንደ ልማዴ አቀርቅሬ ወጣሁ። ሦስት ማዕዘኑ ጋ ታጠፍኩ። ክቡ አጠገቡ የተለጠፈበት በር ጋ ቆምኩና ቁልፌን ሰደድኩ። በሩ ተከፈተ።

«ደህና ነህ እኮ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ ለምን ጉልበት ላይ እንደተለጠፈ የገባኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ መሬት መሬት እያየ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፊት ለፊት ያለው በር ገርበብ ብሏል። ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን ይዘው ቆመዋል።

«የእኔዎቹን በለጧቸው ጋሼ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ በሩንም ዘጉ።

ሰኞ የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቤቱታዬን በአንድ እጁ፣ ወረቀቱን የሚፍቅበት ቢላ በሌላው ይዞ መጣ። ቢጫው ክብ ፊት ቆምኩበት።

«ተወው ልጄ» አልኩት። «ጥናቱ አላለቀም።»