ምንጭ የተጠቀሰበት ኩረጃ

የጓደኛውን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ገልብጦ፣ «ከጓደኛዬ ነው የገለበጥኩት» ብሎ በጽሑፍ ያረጋገጠ ተማሪ ኮራጅ ነው ወይስ ሐቀኛ? መልሱ ያላችሁ ላኩልኝ፤ እኔ እስካሁን የለኝም።

ሰመራ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ አስተምራለሁ። ራሴ ኮሌጅ የገባሁት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ለነጠላ ሰረዝ እንኳ አይራራም። «የጥጥ እርሻውና ከተማችን» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። መመሪያው አንድ መስመር ነው፦ «ከሌላ ሰው ስትወስዱ ምንጩን ጥቀሱ።» ከዚህ በላይ ምን ግልጽ አለ!... አልኩ በልቤ።

ሁመድ የዱብቲ ሰው፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ኮርሱ የመጨረሻው ስለሆነ ከወደቀ ምርቃት የለም። ያመጣው ስምንት ገጽ ከክፍል ጓደኛው ከአሊ ስምንት ገጽ ጋር አንድ ነው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር። ግርጌው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦

«ይህን ማክሰኞ ሎጊያ መናኸሪያ ከአሊ ወሰድኩ። አሊ ደህና ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ጠራሁት።

«ሁመድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንጭ ነው፣ ቲቸር።»

«ሁሉንም እኮ ነው የገለበጥከው!»

«ግማሹን ብተው ውሸት አይሆንም? እኛ ጋ ሰውና ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ወሬው እንደተሰማ ይደርሳል፤ ከማን እንደተሰማም ይነገራል። ነውሩ ከራስ መጨመር ነው።»

«እኔ የፈለግኩት የራስህን ሐሳብ ነበር።»

«የት ላይ ተጽፏል?»

መመሪያውን አየሁት። ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

ዜሮ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ... በሳምንቱ ወረቀቱ ከላጲስ ብዛት ሊበሳ ሲደርስ፣ ሁመድን ይዤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሰይድ ቢሮ ገባሁ። መመሪያውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወላሂ፣ ሰውዬው የታዘዘውን ነው የፈጸመው! ‹ራሳችሁ ጻፉ› የሚል የታለ? ለመሆኑ ይህን መመሪያ ማን ነው የጻፈው?»

ዓይኔን ከመመሪያው አልነቀልኩም። ሁመድ ግን እያየኝ ነው፤ አራት ልጆች ያሉት፣ የአሊን ጤንነት ሳይቀር የመዘገበ ሰው።

«ከእኔ በፊት ያስተማረው መምህር» አልኩ። «ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁት። ስሙን አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩበት።»

አቶ ሰይድ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ሁመድ፣ ሁለት ሳምንት አለህ። በራስህ ጭንቅላት ጽፈህ ና» አሉት።

ወደ እኔም ዞሩ።

«አንቺም።»