አንዴ ብቻ የሚጠይቅ መርከብ

ትናንት ሌሊት እትዬ ይታይሽ ሕልም አዩ። ሕልም ስላችሁ ብልጭ ብሎ እልም የሚል ተራ ሕልም እንዳይመስላችሁ! ጉማሬ መነጽር አድርጎ ሻንጣ የሚፈትሽበት፣ ባሕር መርከብ ይዞት የሚያቅለሸልሽበት ሕልም ነው። ሲነቁ የጠበቃቸው ደግሞ ከሕልሙ ባሰ። እሱን እደርስበታለሁ፤ አታጣድፉኝ።

መጀመሪያ ከመተኛታቸው በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ ይታይሽ ባሕር ዳር ውስጥ የቤት አያያዝ መምህርት ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሆላንድ የምትኖረው ልጃቸው ማስተዋል ከባሏ ከዲርክ ጋር ራይን በሚባል ወንዝ ላይ በመርከብ ልትዝናና ማሰቧን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። ስለ መርከብ ጉዞ የሚያወራ ቪዲዮ አንድ አላመለጣቸውም። ዕድር ላይ ምክር ነው፣ ገበያ ላይ ምክር ነው። ከቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እንኳ ምክር ነው።

"የባሕሩ መርከብ ከተማ በይው፤ ሰው ሲተራመስበት ይውላል። የወንዟ ግን ትንሽ ናት፣ አትንጥም፣ ወስዳ መሃል ከተማ ነው የምታወርድሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ወንዝ ነው!" ይሏቸዋል ጎረቤታቸውን ወይዘሮ አንጓችን። "ክፍል ስትይዢ ደግሞ መሃል ያዢ። ጫፍ ጫፉ ያንገላታል።"

"እሺ፣ የያዝኩ ዕለት መሃል እይዛለሁ" ይላሉ ወይዘሮ አንጓች፣ ሽንኩርታቸውን እየላጡ።

ትናንት አመሻሹ ላይ ዲርክ ራሱ ደወለ። ሰውየው አማርኛን ከሚስቱ ነው የተማረው፤ ሚስቱ እናቷን አንቺ ስለምትል እሱም አንቺ ነው የሚላቸው።

"እማዬ፣ ከእኛ ጋር በመርከብ ትሄጃለሽ? ላንቺም አንድ ክፍል ይዘናል። ነገ መልስ መስጠት አለብኝ።"

የእትዬ ይታይሽ ልብ ዘለለች። ይህችን ጥያቄ ስንት ቀን ጠብቀዋታል! አፋቸው ግን ልባቸውን ሳያማክር ቀደመ።

"አይ ልጄ፣ እኔ አሮጊቷ ምን እሠራላችኋለሁ? እናንተ ደስ ይበላችሁ።"

እኛ አገር ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያልተወለደ ልጅ እንኳ ያውቃል። "ኧረ በሞቴ!" መባል አለበት። እሳቸው ደግሞ "ተዉኝ እስቲ" ይላሉ። "አንቺ ካልመጣሽማ እኛም እንቀራለን!" ይባላል። ያን ጊዜ "እንግዲህ ይህን ያህል ካላችሁ..." ብለው እሺ ይላሉ። ዲርክ ምን አለ መሰላችሁ? "እሺ፣ ገባኝ። ደህና እደሪ" ብሎ ስልኩን ዘጋው!

"ገባኝ? ምኑ ነው የገባው?" አሉ እትዬ ይታይሽ ስልኩን እያገላበጡ። መልሰው እንዳይደውሉ ይሉኝታ ያዛቸው። ሴትዮዋ ራሷን ጋበዘች ቢባሉስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራታቸውን ሳይቀምሱ ተኙ።

ዓይናቸው ገና ከመከደኑ የግቢው በር ተንኳኳ። ሲከፍቱ ባለ ብዙ ፎቅ ነጭ መርከብ አስፋልቱ ላይ ቆሟል። የመርከቡ ሠራተኞች ከበራቸው ጀምሮ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ፊት ካፒቴኑ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

"እትዬ፣ እርስዎን ለማሳፈር ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈናል። ሌላ መርከብ ቀድሞን እንዳይወስድዎ ብለን ነው።"

"ኧረ በምን ዕዳዬ! ቁጭ በሉ እንጂ!" አሉ እትዬ ይታይሽ። ሠራተኞቹ በሙሉ ባሉበት አስፋልቱ ላይ ዘፍ አሉ።

"ለጊዜው ይጎብኙን" አለ ካፒቴኑ ከተቀመጠበት። "ከወደዱን፣ ወደቡ ሊነሣ ሲል እንጠይቅዎታለን። ግን አንዴ ብቻ ነው የምንጠይቀው። በእኛ ዘንድ የተባለው ነው የሚሆነው።"

"አንዴ ይበቃል!" አሉ እትዬ ይታይሽ። አሁንስ ይህ አፌ አያመልጠኝም ብለው በልባቸው ማሉ።

መሰላሉ ሥር ጉማሬ ተቀምጧል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ሻንጣቸውን በአንድ እግሩ አነሣና ፊቱን አጨማደደ።

"ይህ ምንድን ነው? ቀላል ነው!"

"ቪዲዮው ላይ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው ስላሉ..."

"በርበሬውስ? ሽሮውስ? ድርቆሹስ? ሰው ባዶ እጁን ልጁ ዘንድ ይሄዳል? አያሳፍርሽም?" ብሎ ጮኸባቸው።

እትዬ ይታይሽ በደስታ ሊያቅፉት ምንም አልቀራቸው። ስንት ቪዲዮ ሲያዩ ይህን የሚል ሰው አጥተው ነበር! ሮጠው ገብተው የበርበሬውን ጣሳ አመጡ። ቀላል ነው አለ። ሽሮውን ጨመሩ፤ ቀላል ነው። ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ የውሃ በርሜሉን ጫኑ። አሁንም ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ተጋግዘው ቤቱን ከነቆርቆሮው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት።

"አሁን ሰው ሆንሽ" አለ ጉማሬው። "መሃል ላይ አስገቡላት፤ ጫፍ ጫፉ ያንገላታል።"

"ምን አልኩ! ምን አልኩ እኔ!" አሉ እትዬ ይታይሽ እያጨበጨቡ።

ፊሽካው ሲነፋ መርከቡ ንቅንቅ አላለም፤ ባሕር ዳር ናት ጉዞ የጀመረችው። ዘንባባዎቹ በተራ እያውለበለቡ አለፉ። ገበያው ከነሻጩ ከነገዢው አለፈ። አንድ ባጃጅ ብቻ ቆሞ ቀርቶ ሾፌሩ "ወራጅ አለ!" እያለ ይጮኻል። ከኋላ ጣና መጣ፣ ከጣና ኋላ የማያውቁት ሰማያዊ ባሕር መጣ። እትዬ ይታይሽ ከሰገነቱ ላይ ሆነው እልል አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ካፒቴኑ አሸርጦ ምሳ ጠራ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ወጥ ቤቶቹ ተቀምጠዋል፣ ቱሪስቶቹ ያስታጥቧቸዋል። የሠፈሩ ሰው በሙሉ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አለ፤ ወይዘሮ አንጓችም አሉ። አንድ የተጠበሰ ዓሣ ሳህኑን ይዞ እትዬ ይታይሽ ፊት ቆመ።

"ይበሉኛል?"

እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱና መለሱት። "አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት" አሉ።

"እሺ" አለና ዓሣው ሎሚውን ከላዩ አራግፎ፣ በጅራቱ ቆሞ እየተራመደ ወጣ። በመስኮቱ ዘሎ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ ጧ ሲል ሰሙት።

ዙሪያውን ቢያዩ ያው ነው። አንዱ "ጠግቤያለሁ"፣ አንዱ "ቤት ቀምሻለሁ"፣ ሌላው "አሁን ገና ከማዕድ መነሣቴ ነው" ይላል። ጥብሱ፣ አልጫው፣ ዳቦው ሁሉ "እሺ" እያለ ተሰልፎ ይወጣል። የሠፈር ሰው በሙሉ በጨዋ ደንብ በረሃብ ሊያልቅ ነው። ወይዘሮ አንጓች ብቻ "እበላለሁ!" ብለው ጮኹ። ይሄኔ የወጣው ሁሉ እየተጋፋ ወደ እሳቸው ተመለሰ።

"አንቺ! ሰው ምን ይልሻል?" አሏቸው እትዬ ይታይሽ።

"እንጃ፣ አፌ ሙሉ ነው" አሉ ወይዘሮ አንጓች።

እትዬ ይታይሽ ተናደው ወደ ክፍላቸው፣ ማለትም ወደ ቤታቸው ገቡ። መስኮቱን ሲከፍቱ ባሕሩ ደረቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ያቃስታል።

"ምነው፣ አመመህ እንዴ?"

"መርከብ ይዞኝ ነው" አለ ባሕሩ። "መርከብ ባየሁ ቁጥር ያጥወለውለኛል።"

እንግዲህ ይህን ነው የሚያውቁት! ዝንጅብል ከትፈው አጎረሱት፣ ሎሚ አሸተቱት፣ ግንባሩን በውሃ አበሱለት። "ሆድህን ባዶ አታድርግ፣ ቅባትም አታብዛ። ደግሞ ቅርብ ቅርቡን አትይ፣ ሩቁን ተመልከት። ቪዲዮው ላይ እንዲያ ነው ያሉት።"

"ወዴት ልይ እትዬ? ሩቁም እኔው ነኝ" አለ ባሕሩ።

አሳዘናቸው። አንድ ጉርሻ ዝንጅብል ደገሙለት፤ ባሕሩ አንዴም አልተግደረደረም፣ አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ሞገዱ ጋብ አለ። "የጠየቁኝን እሺ ስላልኩ ዳንኩ" አላቸው፣ እያዛጋ።

ይህን ሰምተው ሳይጨርሱ ፊሽካ ተነፋ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ይጣራል፤ "ወደቡ ሊነሣ ነው! ወደቡ ሊነሣ ነው! እትዬ ይታይሽ ወደ ሰገነት!"

ሮጡ። ጫማቸው አንዱ ወለቀ፣ አላነሡትም። ሰገነቱ ላይ ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል፣ ጉማሬው መነጽሩን አውልቋል፣ ዓሣው እንኳ ከባሕር አንገቱን አውጥቶ ያያል። ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ።

"እትዬ ይታይሽ፣ አብረውን ይሄዳሉ?"

አሁን! አንድ ቃል ብቻ! እትዬ ይታይሽ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አፋቸውን ከፈቱ።

"አይ ልጄ፣ እኔ አሮጊቷ ምን እሠራላችኋለሁ?"

"እሺ፣ ገባኝ" አለ ካፒቴኑ።

እግራቸው መሬት ነካ። ወደቡ ላይ ናቸው፣ ወደቡም እየሄደ ነው። መርከቡ ከነቤታቸው፣ ከነበርበሬያቸው፣ ጥብስ ከሚቆረጥሙት ወይዘሮ አንጓች ጋር ወደ ኋላ እየራቀ ያንሳል። አንድ እግራቸውን በጫማ፣ አንዱን በባዶ እያነከሱ ሮጡ። "እሺ!" ብለው ጮኹ። "እሺ! እሄዳለሁ! አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! እሄዳለሁ!"

ባሕሩ ሰማቸው። ዝንጅብላቸውን አልረሳም መሰለኝ፣ ቀና ብሎ መርከቡን በጀርባው ወደ እሳቸው ገፋው። መሰላሉ ተዘረጋ። እጃቸው የመሰላሉን ብረት ጨበጠ...

ስልኩ ጮኸ። የጨበጡት የአልጋውን ራስጌ ነበር። ነግቷል።

"እማዬ" አለ ዲርክ። "ማስተዋል ትናንት በጣም ተቆጣችኝ። እኛ አገር የመጀመሪያው መልስ የልብ አይደለም፣ ገልብጠህ ስማው አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላወቅኩም ነበር። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። ትሄጃለሽ?"

"እሺ!" አሉ እትዬ ይታይሽ፣ ከአልጋቸው ዘለው። "እሺ ልጄ! እሄዳለሁ! ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው!"

ዲርክ ሲያስብ ይሰማል።

"ገባኝ" አለ በሐዘን። "ገለበጥኩት። መሄድ አትፈልጊም። አላስቸግርሽም እማዬ፣ ክፍሉን እመልሳለሁ። ደህና ዋይ።" ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ ይታይሽ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ መሃል ቤት ቆመው ቀሩ። ይሉኝታ በስተቀኝ ቆማ፣ "ተይ፣ ራሷ ደውላ ለመነች ይሉሻል" አለቻቸው። በስተግራ መርከቡ እየራቀ ነው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሉኝታን ገፍተው መልሰው ደወሉ።

"ሃሎ?"

"አትገልብጠኝ!" ብለው ጮኹ። "እሄዳለሁ ማለት እሄዳለሁ ነው! ሰማህ? እሄዳለሁ!"

"ታዲያ... ሁለት ጊዜ ጨምሬ ልጠይቅሽ?"

"አንድም ጊዜ እንዳትጠይቀኝ! መሃል ያለውን ክፍል ያዝልኝ! እሄዳለሁ! ወየው ልጄ፣ እሄዳለሁ!"

ጩኸቱ ሦስት ግቢ ተሻገረ። በጠዋት "ወየው፣ እሄዳለሁ" የሚል የሴት ድምፅ ሲሰማ ሰው ምን ያስባል? ስልኩን ገና ከማስቀመጣቸው ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ግማሹን ሠፈር አስከትለው በሩን በርግደው ገቡ።

"ምነው ይታይሽ? ማን ነው የሞተው?"

"ይሉኝታዬ" አሉ እትዬ ይታይሽ፣ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እየከተቱ። "ነጠላሽን አቅኚና ነዪ፤ በርበሬ እናዘጋጅ።"