ሽጉጥ ሰው ሲመርጥ

ልጆቼ፣ ትናንት በሕልሜ ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ቁርሴ አይወርድልኝም፤ ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ግን ምን እያሰብኩ እንደተኛሁ ላጫውታችሁ። ጎረቤቴን ጓንጉልን ታውቁታላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር የጣራው ጠፈጠፍ በእኔ ግቢ ይወርዳል። የቤቴን ግድግዳ እየላጠ ጭቃውን ጨረሰው። “እባክህ አሸንዳ አድርግበት” አልኩት። “ዝናቡ የሰማይ ነው፣ ከፈጣሪ ጋር ይነጋገሩ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን። ባለፈው ወር ደግሞ ሽጉጥ ገዛና ጋቢውን ገለጥ እያደረገ በደጄ ያልፍ ጀመር።

እኔም ደሜ ፈላ። እኔም ሽጉጥ ልግዛ ብዬ ጥበቃ የሚሠራውን የእህቴን ልጅ ታፈረን አማከርኩት።

“አጎቴ፣ ወገብዎን ያምዎታል፣ ከባዱ አይሆንልዎትም” አለኝ። “ቀለል ያለ፣ አጠር ያለ፣ ከልብስ ሥር የማይታወቅ ይሁን። ምላጩን ሲስቡት አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ። ቀኑን ሙሉ ታጥቀውት ቢውሉ የማይሰለችዎት።”

ነገ አብረን ሄደን እንመርጣለን ተባብለን ተለያየን። ባለቤቴ የሺመቤት ነገሩን ስትሰማ “በዚህ ዕድሜህ” ብቻ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔም ተኛሁ።

በሕልሜ ሱቁ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አንድም ሽጉጥ የለም። የተደረደሩት ወንዶች ናቸው። ጎልማሳው፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ በየአንገታቸው ወረቀት ታስሯል። ሽጉጦቹ ነጠላ ለብሰው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዱን ጉንጩን ቆንጠጥ፣ ሌላውን ብብቱን ዳበስ ያደርጋሉ። ሻጩ መነጽር ያደረገ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። እኔን ሲያየኝ “አንተ ደግሞ ማን ውረድ አለህ?” ብሎ በሰደፉ እየገፋ መደርደሪያው ላይ ሰቀለኝ።

አልተቃወምኩም። ለምን ብትሉ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ጓንጉል ተመርጦ መሄዱን ሹክ አለኝ። “ያውም ትልቅ ሽጉጥ ነው የወሰደው” አለ። ጓንጉል ተመርጦ እኔ ልቀር ነው? ደረቴን ነፋሁ።

አንዲት ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ ገባች።

“ለየዕለቱ መያዣ የሚሆን ሰው ፈልጌ ነበር” አለች። “ቀለል ያለ ይሁንልኝ። ወገቤን ያመኛል።”

ሻጩ አንሥቶ ሚዛን ላይ አስቀመጠኝ። “ሃምሳ ስምንት ኪሎ” አለ። ትንሽ ቆይቶ የሚዛኑ መርፌ እንደገና ተነሣ። “ሰባ አንድ።”

“ምን በልቶ ነው?”

“ቂም ነው፣ እሜቴ። ሲመጡ ሁሉም እንዲህ ናቸው።”

“ካዝናውስ ስንት ይይዛል?” ብላ አፌን ከፈተችው። ጥርሴን ቆጠረች። “አራት ብቻ?”

“አራት ናቸው፤ ግን ሁሉም ይሠራሉ” አልኩ።

“ለካ ይናገራል። ሲነኩት አንድ ቃል ነው የሚያወጣው ወይስ እስኪያልቅበት ይለቀዋል?”

ሻጩ ጆሮዬን ሳብ አደረገ። “አቤት” አልኩ። ደግሞ ሳበው። “አቤት” አልኩ።

“ይኸው፣ አንድ ባንድ ነው። ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል” አላት።

“መጠበቂያ አለው?”

“ሚስት አለችኝ” አልኩ። “የሺመቤት ትባላለች። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ባርቄ አላውቅም።”

ይሄ ደስ አላት መሰለኝ፣ “እስኪ ለዛሬ ልሞክረው” አለችና ወገቧ ላይ ሻጠችኝ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ኮራሁ። በመንገዱ ሁሉ ጓንጉል ባየኝ እያልኩ አንገቴን አወጣ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ደረስን። ፈታሹ ክላሽ ነው።

“እጅ ወደ ላይ” አላት። ሲዳብሳት ተረከዜን አገኘው። “ይሄ ምንድን ነው? ሰው ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማስታወቂያውን አያነቡም?”

“ለራሴ ደኅንነት የያዝኩት ነው” አለች። “ዘመኑን እያየኸው።”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። እዚህ ያስቀምጡት፣ ሲወጡ ይወስዱታል።”

ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን አስይዘው፣ ሌሎች ሰዎች የታጨቁበት ሳጥን ውስጥ ጣሉኝ። ከሥሬ አንድ ሰው “ክርንዎን ያንሡልኝ” አለ። ድምፁን አወቅሁት። ጓንጉል ነበር። ከስቷል፤ ጺሙም አድጓል።

“ጋሽ ቢያድግልኝ፣ እርስዎንም መረጡዎት?” አለኝ።

“አዎ፣ መረጡኝ። አንተ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?”

“ሽጉጡ የትም ሲሄድ ይዞኝ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ይወስደኛል፤ ከጋቢ ሥር ሆኜ ከሰው ጋር አላለቅስ። እሱ አልጋው ላይ ይተኛል፣ እኔ ከትራሱ ሥር። ልጄ ልትስመኝ ስትመጣ ‘አትንኪው፣ አደገኛ ነው’ ይላታል።”

ልጆቼ፣ ይሄን ሲለኝ ሆዴ ባባ። ያቺን ልጅ እኔም አውቃታለሁ፤ በአጥሩ ቀዳዳ “ደህና አደሩ” ትለኛለች። ያ ሁሉ ኩራቴ በአንዴ ጠፋና ከዚያ ሳጥን መውጣት ብቻ አማረኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳልጠይቀው አላስችል አለኝ።

“ጠፈጠፉስ?” አልኩት።

“የቱ ጠፈጠፍ?” አለ።

በሕልሜም ተናደድኩ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳጥኑ ጠፍቶ፣ በየሽጉጦቻችን ወገብ ላይ ሆነን ሠርግ ቤት ነበርን። ድንኳን ተጥሏል፤ ሽጉጦቹ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። የሙሽራው አጎት፣ ጠላ ያናወዘው ምንሽር ጠመንጃ፣ መሐል ገብቶ “ለሙሽሮቹ ደስታ” አለና ያነገተውን ሰው ወደ ሰማይ ለቀቀው። ሰውየው “ኧረ እናቴ” እያለ ደመናውን አልፎ ሄደ። ሌሎቹም ያላቸውን ሰው እያወጡ ተከተሉ። ሰማዩ በሽማግሌ ጫማ ተሞላ። ጓንጉልም ሲወነጨፍ አየሁት። ጋቢው እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ከቤቶቹ ጣሪያ ወዲያ ተሰወረ።

“የት ነው የሚያርፈው?” አልኳት ሽጉጤን።

“እኔ ምን አውቄ። ደስታ እኮ ነው” አለችና ከወገቧ መዘዘችኝ። “ያንተ ተራ ደረሰ።”

“እሜቴ፣ እኔን ለመያዣ ብለው ነው የወሰዱኝ። ደግሞም ከባድ ነኝ፤ ቂም አለብኝ አልተባለም?”

“ቂም ያለበት ሩቅ ይሄዳል” አለች።

አንገቴን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ጆሮዬን ያዘች። ያለኝን አራት ጥርስ ነክሼ “የሺመቤት” ብዬ ጮህኩ።

የሺመቤት ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። ነግቷል።

“ተነሥ እንጂ፣ ጓንጉል መጥቷል” አለችኝ።

“ከሰማይ ወረደ?”

“በበሩ ነው የመጣው።”

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ጓንጉል ወንበር ላይ ተቀምጧል። በወገቡ በኩል ልብሱ አብጧል፤ በእጁ ወረቀት ይዟል። ከተኳረፍን ጀምሮ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ሕልሙ ገና አልለቀቀኝ ኖሮ “አልተጎዳህም ልጄ?” አልኩት።

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። “ደህና ነኝ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ። ለሽጉጡ ፈቃድ ላወጣ ብሄድ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ሰላማዊ ሰው መሆኔን ጎረቤት ይመስክር አሉኝ።”

ወረቀቱን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ። እንዳለው ነው፤ “ጠብ የሌለው” ይላል።

“ታዲያ በማን ምክንያት ገዛኸው?” አልኩት።

“በእርስዎ ነዋ” አለና እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ። “እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙልኝ።”