ከጎብዬ ቆቦ መድረስ ያቃተው ኮሚቴ

በወረዳችን ብዙ ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል፤ አብዛኞቹም ማንንም ሳያስቸግሩ በሰላም አርፈዋል። የሔራንን ጌም እንዲገመግም የተቋቋመው ባለ አምስት አባል ኮሚቴ ግን ከሁሉም ይለያል። ይህን የምለው የኮሚቴው ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ስለሆንኩም ነው።

ሔራን የቆቦ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእናቷ ሱቅ ጓዳ ተቀምጣ «ደራሽ» የሚባል የሞባይል ጌም ሠራች። በጌሙ አንዲት ፍየል ከጎብዬ ተነስታ፣ ቆቦን አልፋ፣ ዋጃ መግባት አለባት። ከኋላዋ ደራሽ ጎርፍ ይከተላታል። ከድንጋይ ድንጋይ፣ ከቦይ ቦይ ትዘላለች፤ አንዴ ከሳተች ጎርፉ ይወስዳትና ነገሩ እንደገና ከጎብዬ ይጀምራል። መንገዱ ደግሞ በተጀመረ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ቅድም ድንጋይ የነበረበት አሁን ገደል ይሆናል።

ደሴ ላይ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ተባለ። ለመመዝገብ «ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ከነአባሪው» ያስፈልጋል፤ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ልጅቷ ደብዳቤውን ልትጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣች። እኛ ደግሞ ደብዳቤ ስንጠየቅ ብድግ ብለን የምንሰጥ ሰዎች አይደለንም።

ሰብሳቢያችን አቶ ካሳ ታሪካዊውን ስብሰባ ሲከፍቱ፣ «ያልተገመገመ ቴክኖሎጂ ከዚህ ወረዳ አይወጣም፤ ያልተጠናቀቀም አይገመገምም» አሉ። አጨበጨብን። ጌሙም በየስልካችን ተጫነ። የአባ ከማሉዲን ስልክ ግን ባለ ባትሪዋ ተራ ስልክ ስለሆነች፣ እሳቸው በእኔ እንዲጫወቱ ተወሰነ። አባ ከማሉዲን በዋጃ በኩል ዕድሜያቸውን ሁሉ ጎርፍ እየጠለፉ ማሳ ሲያጠጡ የኖሩ የውሃ አባት ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ የገቡት አምስተኛ ሰው ስለጎደለ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሪፖርት ቀረበ።

«ፍየሏ መጀመሪያ የምታገኘው ግራር ነው» አሉ አቶ ካሳ።

«የምን ግራር? ቁልቋል ነው እንጂ!» አሉ የሰው ሀብቷ ወይዘሮ ዘነበች።

«ሁለታችሁም ጌሙን አልከፈታችሁትም ማለት ነው» አለ የኮሙኒኬሽኑ ይሁኔ። «ድልድይ ነው። ያውም የተሰበረ።»

«ታዲያ እኔ ዋሸሁ ነው የምትለው?» አሉ ሰብሳቢው።

ሔራን ተጠርታ ገባች። መንገዱን ጌሙ ራሱ በየጊዜው አዲስ አድርጎ እንደሚፈጥረው፣ ሁሉም ያዩት ትክክል እንደሆነ በትሕትና አስረዳች።

«ማን ፈቅዶለት?» አሉ አቶ ካሳ።

ስለዚህ ኮሚቴው ጥበብ የተሞላበት ውሳኔ አሳለፈ፤ ከእንግዲህ ማንም ብቻውን አይጫወትም። አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፤ እያንዳንዱ ውድቀት በሰዓቱ፣ በቦታውና በምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ሁሉም ይፈርሙበታል።

እናም ተጀመረ። ጠዋት ገብተን ማታ እንወጣለን። በር ላይ ባለጉዳይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ በመሥሪያ ቤታችን ይህ ቃል እውነት ሆኖ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ጻፍኩ። «ሰብሳቢው ለ87ኛ ጊዜ በጎርፍ ሲወሰዱ ‹ነክቼው ነበር እኮ!› ብለዋል፤ ከቤቱ ተቃውሞ አልቀረበም።» «ወ/ሮ ዘነበች የምሳ ሰዓት መድረሱ ቢነገራቸውም ‹አንዴ ብቻ፣ በማርያም› በማለታቸው ስብሰባው በአንድ ሰዓት ተራዝሟል።» «አቶ ይሁኔ ስልኩን ከጠረጴዛ ጋር አጋጭቷል፤ ጉዳቱ በስልኩ ላይ ብቻ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት አባ ከማሉዲን ተራ ደረሳቸው። ስልኬን በሁለት እጃቸው ያዙና ዝም ብለው አዩት። ጎርፉ ቀረበ፤ እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። «ይዝለሉ እንጂ!» ብለን ጮህን። ጎርፉ የፍየሏን ጭራ ሊነካ ሲል ዘለሉ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። ከሁላችንም እጥፍ ርቀው ሄዱ።

«አባ ከማሉ፣ መንገዱን እንዴት አወቁት?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«መንገዱን ማን ያውቀዋል? ጎርፍ ዓምና በመጣበት ዘንድሮ ይመጣል እንዴ? እኔ ውሃውን ነው የማየው። መንገድ በቃሌ ብይዝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ማሳዬ ገና ድሮ ሄዶ ነበር።» ይህን ሲናገሩ ፍየሏ ወደቀች። ከት ብለው ሳቁ። «እንደገና አምጣት!»

አቶ ካሳ አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው አለፉት። እኔ ግን የሰማሁትን መጻፍ ልማዴ ነውና ጻፍኩት።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ሔራን ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዋለች። ተጠርታ ስትገባ አቶ ካሳ ደብዳቤውን አነበቡላት። «ጌሙ ወጥ አለመሆኑን፣ ኮሚቴው በሦስት ሳምንት ውስጥ 1,206 ጊዜ ሞክሮ ዋጃ ይቅርና ራሱ ወደሚገኝበት ወደ ቆቦ ከተማ መድረስ አለመቻሉን፣ ስለሆነም ድጋፍ የማንሰጥ መሆኑን እየገለጽን፣ 64 ገጽ አባሪ አያይዘን የላክን መሆኑን እናስታውቃለን።»

ልጅቷ አባሪውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ አላላችሁም?»

«ደስታ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

አንጀቴን በላችው። ማኅተሙን የመታሁት ግን እኔው ነኝ። በሩ ላይ አባ ከማሉዲን ያዟት።

«አብሽሪ ልጄ። ደብዳቤ ከነአባሪው አምጪ አይደል ያሉሽ?»

«አዎ፣ ግን እኮ አንደግፍም ነው የሚለው።»

«ደግፈው ይጻፉ ብለዋል? አላሉም። ይኸው ደብዳቤ፣ ይኸው አባሪ። ይሄን ሁሉ ወረቀት ያየ ሰው ምንድን ነው ብሎ ማንበቡ አይቀርም።» ፊደል የማይቆጥሩት ሰውዬ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ይህን ማሰባቸው እስካሁን ያሳፍረኛል። ሔራን በዚያው ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

በአሥረኛው ቀን ከደሴ ደብዳቤ መጣ። «ብዙ የድጋፍ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አምስት ሰዎች አንድን ጌም ጀምረው ለሦስት ሳምንት መተው እንዳቃታቸው በፊርማና በማኅተም ያረጋገጠ ግን ይህ ብቻ ነው። ሥራው አንደኛ ሆኖ ተመርጧል። በአባሪው ገጽ 58 የሰፈረው የአርሶ አደሩ አስተያየትም በኤግዚቢሽኑ በር ላይ ይሰቀላል።»

አቶ ካሳ ወዲያው አዳራሽ አስከፍተው፣ ድሉ የተገኘው በኮሚቴው ያላሰለሰ ክትትል መሆኑን አርባ ደቂቃ አስረዱ። አጨበጨብን። ሲያበቁ ሔራንን ወደ ጥግ ወሰዷት፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ እንደው በሞቴ፣ ከቆቦ በኋላ ምን አለ?»

«ይለያያል ብዬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ደርሶ ያየ ሰውስ የለም?»

«አለ እንጂ። አባ ከማሉ ትናንት በእኔ ስልክ ዋጃ ገቡ።»

አቶ ካሳ ፊታቸው ቀላ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ!» አሉ።

ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፤ በቃለ ጉባኤ አልያዝኩትም። እዚህ ነው የጻፍኩት።