በሳንዲ ወንበር ላይ ስለሚቀረጸው ቃል

በስኮትላንድ፣ የፖርትሌሪ መንደር የስኮትስ (የአገሬው) ቋንቋ ጠባቂ ኮሚቴ፣ ኅዳር 1996 እ.ኤ.አ.፣ ሐሙስ ምሽት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ (ማሞቂያው እንደ ልማዱ ተበላሽቷል)።

የተገኙ፦
አቶ ፋርኳር ጌዴስ፣ ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
አቶ ዶድ ካዊ፣ ሥጋ ሻጭ
ወይዘሮ ኡና ኢምላክ፣ የሟቹ ዓሣ አጥማጅ የሳንዲ ባለቤት
ኢሽቤል ሬኒ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ በአራት ሰው ይሞላል፤ እኛም አራት ነን። ስለዚህ ማንም ለሲጋራ እንኳ እንዳይወጣ ተነግሯል።

አጀንዳ 1፦ የስብሰባ ሥርዓት
ሰብሳቢው ሁሉም በጨዋ እንግሊዝኛ እንዲናገር፣ በስኮትስ የተናገረ ግን ወዲያው ከአዳራሹ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ዶድ፣ ኮሚቴው የቆመው ለስኮትስ በመሆኑ ነገሩ እንዳልገባቸው ገለጹ። ሰብሳቢውም "መጠበቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ!" ሲሉ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸደቀ። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታ ደግፋለች፤ ከብርዱ የተነሣ ቶሎ እንዲያልቅ ብላ ነው።

አጀንዳ 2፦ ወደቡ ላይ የሚቆመው የሳንዲ መታሰቢያ ወንበር
ቀራጩ ነገ ጠዋት ይመጣል። ወይዘሮ ኡና፣ ሳንዲ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ በስማቸው ጠርቷቸው እንደማያውቅ፣ ከባሕር ሲመለስ ከጀልባው ላይ "ኳይን!" (በእኛ ዘንድ "አንቺ ልጅ" እንደማለት ነው) እያለ ይጣራ እንደነበር አስታውሰው፣ ከዚህች ቃል በቀር ምንም እንዳይቀረጽ ለመኑ። ቃሏን ከአፋቸው ቢያወጧት የሚወጡት እሳቸው ስለሆኑ በወረቀት ጽፈው ነው ያሳዩን።

ሰብሳቢው የቃሏ አጻጻፍ ሦስት ዓይነት መሆኑን፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ አነባበቧም እንደሚለይ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ አብራሩ። አንዱ አጻጻፍ ቢመረጥ የሁለቱ ደጋፊዎች ስለሚቀየሙ፣ በእንግሊዝኛ "ለውድ ባለቤቴ" ተብሎ እንዲቀረጽ ተወሰነ። ወይዘሮ ኡና "ሳንዲ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሌላ ሴት ነበረችው ይሉኛል እኮ!" ብለው መሐረብ አወጡ። ጸሐፊዋ ሁለተኛ ሻይ ጣደችላቸው፤ ይህም ይመዝገብ።

በዚህ መሐል ሁለተኛው ሻይ ፈላ። አቶ ዶድ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ተነሥተው፣ "መምህር፣ ይችን ቃል ክፍል ውስጥ ብናገር እጄ እስኪያብጥ በጠፍር የገረፉኝ እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ጠባቂዋ ሆኑ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ!" ብለው እጃቸውን ሲያወናጭፉ ሻዩ በሰብሳቢው ጭን ላይ ተደፋ።

ሰብሳቢው "አንተ ጋውክ!" (ቂል ማለታቸው ነው) ብለው ጮኹ፤ ከዚያም አንድ ቃል ሳይደግሙ ለረጅም ጊዜ ተሳደቡ። እንግሊዝኛ የሚባል አልነበረበትም። ዓሣ ሻጯ የሰብሳቢው እናት ከሞቱ ወዲህ እንዲህ የጠራ ስኮትስ እንዳልሰሙ ወይዘሮ ኡና መሰከሩ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ
በአጀንዳ 1 መሠረት ሰብሳቢው ወጡ። ሦስት በመቅረታችን ምልዓተ ጉባኤ ፈረሰ። በደንባችን ምልዓተ ጉባኤው የፈረሰበት ስብሰባ ውሳኔ ሁሉ ውድቅ ስለሆነ፣ ሰብሳቢውን ያስወጣውን ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሯል። ሰብሳቢውን ልጥራ ያለ ግን አልተገኘም።

ወይዘሮ ኡና "ምንም ካልተወሰነ ታዲያ ምን ተከለከለ?" ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ደንቡን አገላብጣ ምንም አጣች። አቶ ዶድ፣ ለቀራጩ ከሦስቱ አጻጻፎች የትኛው ይነገረው ሲሉ ጠየቋቸው።

"ሳንዲ መች መጻፍ ይችል ነበር? ይጣራ ነበር እንጂ" አሉ ወይዘሮ ኡና። "ቀራጩ ልጅ እንደመጣለት ይጻፈው። እኔ እሰማዋለሁ።"

ስብሰባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተበተነ። ማንቆርቆሪያውን ያጠበችው ጸሐፊዋ ናት።